በቀይ የተሰመረበት ገጽ

እህቴ ሂሩት በአሥራ ስምንት ዓመቷ ምሳ መብላት ያቆመችው በእኔ ቂም ይዛ ነው ብዬ ብዙ ዓመት አምኜ ኖሬአለሁ። ያንን ቂም ያስፈታሁትም እኔው ነኝ ብዬ ስኮራበት ኖሬአለሁ። ዛሬ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ኩራቱ ነው።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ቤታችን ሆሳዕና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር ስለነበር ከዶሮው ቀድመው የሚቀሰቅሱን "አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ" የሚሉት ረዳቶች ነበሩ። አባታችን ጴጥሮስ ነርስ ነው። ሀደሮ ተመድቦ ይሠራ ስለነበር በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቅዳሜ እየመጣ ያየናል። እናታችን ወርቅነሽ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ከሂሩትና ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም።

ሂሩት ውሃ ልትቀዳ ወጥታ የጎረቤት ጫጩት አቅፋ የምትመለስ ልጅ ነበረች። ጀሪካኑ ቦኖው ሥር ሞልቶ ይፈሳል፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች ይጮኻሉ፣ እሷ ጫጩቷን ወደ ፊቴ አስጠግታ "ዓይኗን አየሽው አቢ?" ትለኛለች። በአንድ ክረምት ሦስት ጃንጥላ ጥላለች፤ ሦስተኛውን የጣለችው ሁለተኛውን ልትፈልግ ወጥታ ነው። እማዬ ልትቆጣ ትጀምርና ሳቋ ያመልጣታል። ማታ ጎኗ ስተኛ ተረት ታወራልኛለች። ጅቡ ገና መንገድ ላይ እያለ የአንድ አውቶቡስ ሹፌር ትዝ ይላትና ስለ ሹፌሩ ታወራለች፤ ጅቡ እዚያው እንደቆመ ይቀራል። እኔ ለዚያ ለማያልቅ ተረት ስል ቀኑ ቶሎ እንዲመሽ እመኝ ነበር።

ፈተና ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጓሮ ወጥታ ታስመልሳለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና የተፈተነችው እንዲያ ሆና ነው። እንዲያም ሆና አለፈች። ከአባዬ ወገን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ እሷ ነበረች፤ ዘመድ ሁሉ ደስ ብሎት ቤታችን ሲመላለስ ሰነበተ። አባዬ ብቻ ደስ አላለውም። እኔ የተኛሁ መስሎት ለእማዬ ሲነግራት ሰምቻለሁ። "እዚያ ሩቅ አገር ማን ነው ጀሪካኑን የሚያነሳላት? ፈርታ ስትታመምስ ማን አጠገቧ አለ?"

በሐምሌ አዲስ አበባ ይዟት ሄደ። እኔን ስላልወሰዱኝ ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ለእኔ ሙዝ፣ ለሂሩት ሁለት ዓይነት ክኒንና አንድ አዲስ ደብተር ይዘው ተመለሱ። አባዬ በሩን ዘግቶ ሦስታችንንም አስቀመጠን። "ይህ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም። ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለማንም። የአእምሮ መድኃኒት ትወስዳለች ከተባለ አለቀላት፣ ትምህርቱም ትዳሩም ይቀራል" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አቢጋኤል፣ ሰምተሻል?" አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። አሁን ሳስበው ያንን ትእዛዝ ከእኔ የበለጠ ያከበረው የለም፤ ሌላውን ሁሉ ሳበላሽ እሱን አላበላሸሁም።

የሕመሙን ስም ያወቅኩት አድጌ ነው። ኤዲኤችዲ የሚሉት፣ ሐሳብን መሰብሰብ የሚያሳጣው ነገር ነበረባት፤ ከእሱ ጋር ደግሞ የጭንቀት ሕመም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገኙ ሕክምናው ያስቸግራል፤ ሐሳብን የሚሰበስበው መድኃኒት ልብን ያስመታል፣ የልቡ ምት ደግሞ ፍርሃቱን ይቀሰቅሰዋል። ለዚህ ነው ሐኪሙ የጠዋት ክኒንና የማታ ክኒን የሰጣት። የጠዋቱ ለትኩረቷ፣ የማታው ለጭንቀቷ ነው። ደብተሩ ላይ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ምን እንደበላች፣ ልቧ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ እንድትጽፍ አዝዟት ነበር።

ለእኔ ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር። ሂሩት ልቧ ሲመታባት ጓሮ ጉቶው ላይ ትቀመጥና "ነይ ቁጠሪልኝ፣ ዶክተሩ ክኒኑ ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም ብሎኛል" ትለኛለች። አንጓዋን በጣቴ ይዤ፣ የአሮጌ ሰዓቷን ቀጭን ዘንግ እያየሁ እቆጥራለሁ። ሰማንያ ስድስት። ዘጠና አራት። ቁጥሩ ከፍ ሲል ያሸነፍን ስለሚመስለኝ አንዳንዴ አምስት ስድስት እጨምርላት ነበር። እሷም የነገርኳትን አምና ትጽፋለች።

ነሐሴ ገባና ዝናቡ በረታ። በሰፈራችን ዝናብ ሲያባራ ቦዩ ጢም ብሎ ይሞላል፣ እኛም የወረቀት ጀልባ እናሽቀዳድማለን። የባለሱቁ የኸይረዲን ልጅ ሱምያ ከአባቷ ሱቅ ጠንካራ የሲሚንቶ ወረቀት ስለምታገኝ ሁልጊዜ ታሸንፈኛለች። አንድ ቀን ተናደድኩና ቤት ገብቼ የሂሩትን ደብተር ገለጥኩ። እሷ የጻፈችባቸውን ገጾች አልነካሁም፣ ያን ያህል ባለጌ አልነበርኩም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን ሐኪሙ የጻፈው ነበር። የሐኪም ጽሕፈት በመሆኑ ፊደል መሆኑንም አላመንኩም፤ እስክሪብቶ የሚሞክር ሰው የሞነጫጨረው ነው የመሰለኝ። ከታች በኩል በቀይ ተሰምሮበታል። ቀዩ መስመር ለጀልባው ያምራል ብዬ ገጹን ቀደድኩት።

ጀልባዬ አሸነፈች። የሱምያን ጀልባ ጥላ ድልድዩ ሥር ገባችና በዚያው ሄደች።

ሂሩት ያን ቀን ማታ ደብተሩን ስትከፍት ያለቀሰችውን ልቅሶ አልረሳውም። አልተመታሁም፣ አልተሰደብኩም። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ከዚያ "ለአባዬ አትንገሪው። አንቺ ነሽ የጣልሽው ይለኛል፣ አሁንስ ይሄንንም ጣልሽ ይለኛል" አለችኝ። እኔን እየሸፈነችኝ እንደነበር እንኳ አልገባኝም።

በማግስቱ ምሳ አልበላችም። በሦስተኛውም ቀን አልበላችም። እማዬ ፊቷን ስታዞር ሳህኗን ወደ እኔ ትገፋና "ብዪልኝ አቢ" ትለኛለች። እኔ እየበላሁላት ወፈርኩ፣ የእሷ የአንገት አጥንት ግን ወጣ። ማታም ገና በጊዜ ዓይኗ ይከደናል። አፏ እየደረቀ አንድ ጣሳ ውሃ ራስጌዋ ታስቀምጥና ትተኛለች። ተረት የለም። ጅቡ ከሐምሌ ጀምሮ መንገድ ላይ ቆሟል።

ገጹን ከመቅደዴ በፊት በነበረው ቅዳሜ አባዬ መጥቶ ከሐኪሙ ጋር በስልክ ተነጋግረው የጠዋቱ ክኒን መጠኑ እንደጨመረ አሁን አውቃለሁ። የምግብ ፍላጎት የሚዘጋው እሱ ነው። አፍ የሚያደርቀውና በጊዜ የሚያስተኛው ደግሞ የማታው ነው። ያኔ ግን ይህንን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ የማውቀው በእኛ አገር ቂም ያለበት ሰው ካስቀየመው ሰው ጋር ከአንድ ገበታ እንደማይበላ ነው። ይህን ማንም ልጅ ያውቀዋል። ገጹን ቀደድኩ፣ እህቴ መብላት ተወች። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

መስቀል ደረሰ። በእኛ ዘንድ ያሆዴ ነው፣ የዓመት መለወጫችን። እናቶች ለዚያ ቀን ቅቤ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። በዋዜማው ቤተሰቡ ሁሉ ከከተማው ወጣ ብሎ እንሰት መሀል ባለው በአባባ ጥላዬ ቤት ይሰበሰባል። አባባ ጥላዬ የአባዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁት፣ መንገደኛ የሚመርቁት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ምሽት ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው አተካና ይቀርባል። አተካና ቀርቦ ቂም የያዘ ሰው በቤቱ ካለ ማንም አይበላም። መጀመሪያ ይታረቃሉ፣ ከዚያ ይበላል። አባዬ ያን ዓመት የበዓል ተረኛ ሆኖ ሀደሮ ቀርቶ ነበር።

ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ለጋ ቅቤ፣ ትኩስ ወተት፣ ጭስ የጠጣ የሣር ክዳን። ትልልቁ ሰው በአንድ በኩል፣ እኛ ልጆች በሌላ በኩል ተቀመጥን። ሂሩት የምትሄድበት ቀን ስለቀረበ አባባ ጥላዬ አጠገብ አስቀመጧት። ከእንጨቱ ሳህን አንድ ጊዜ ጨለፈችና አፏ ጋ አድርሳ መለሰችው።

"ሂሩት ልጄ፣ ለምን እጅሽን ሰበሰብሽ?" አሏት አባባ ጥላዬ።

"ጠግቤ ነው አባባ።"

"ከየት ጠግበሽ? በልተሽ ነው እኔ ቤት የመጣሽው?"

"አይደለም አባባ።"

"መንገድ ላይ ስትመጪም አየሁሽ፣ ሰውነትሽ አልቋል። ምግብ የሚዘጋ ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ማነው ያስቀየመሽ? ተናገሪ፣ ቤት ውስጥ ነን።"

ሂሩት እማዬን አየቻት። እማዬ መሬት መሬት ታያለች። እማዬ ያሳፈራት የልጇ አለመብላት ይመስለኝ ነበር። ለአባዬ የገባችውን ቃል ይዛ ነበር ዝም ያለችው። ከሁለቱ አንዳቸው አፍ አውጥተው "መድኃኒት ነው የምግብ ፍላጎቷን የዘጋው" ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ያኔ ሌላ ነገር ይጀመራል፤ ምን መድኃኒት፣ ለምን፣ ከመቼ ወዲህ።

"ማንም አላስቀየመኝም" አለች ሂሩት።

አባባ ጥላዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ያኔ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። "እንግዲህ እኔም አልበላም። ቂም ይዘሽ አገር አቋርጠሽ አትሄጂም። የበላሽው ሳይኖር ምን ብዬ ነው የምመርቅሽ?" አሉ። ቅቤው ሳህኑ ላይ መርጋት ጀመረ።

እዚያ ላይ ተነሣሁ። ልቤ ውስጥ አንድ ጥሩ ነገር ልሠራ እንደሆነ ይታወቀኛል። "እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን አድርገሻት?"

"ደብተሯን ቀድጄ ጀልባ ሠራሁበት። ከዚያ ወዲህ ነው የማትበላው።"

አንዳንዶች ሊስቁ ሲሉ አባባ ጥላዬ በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው። ልጅ ነች ብለው አላቃለሉኝም፣ እንደ ትልቅ ሰው ነው ነገሬን የሰሙት። "እውነት ነው ሂሩት?" አሏት።

ሂሩት አየችኝ። ያ አስተያየቷ ምስጋና መስሎኝ ነበር፣ በአንድ በኩልም ምስጋና ነው። መውጫ አጥታ ሳለች በር ከፈትኩላት። ያልኩት ነገር እውነት ስላልሆነ ነው በሩን የከፈተላት።

"እውነት ነው አባባ" አለች።

ተንበርክኬ ጉልበቷን ሳምኩ። ይቅር ብያለሁ አለች። አባባ ጥላዬ "አጉርሻት፣ ታጉርስሽ" አሉን። በእጄ ያጎረስኳትን አተካና ስትውጥ ዓይኗ እንባ ሞላ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አጎረስኳት፣ እሷም ዋጠች፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ አባባ ጥላዬ ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው "ሂጂ፣ ተማሪ፣ ሰው ሆነሽ ተመለሽ" ብለው መረቋት። "ከነገ ጀምሮ በየዘመዱ ቤት እየዞርሽ ብዪ፣ ሁሉም ይመርቅሽ" ብለው ጨመሩ። ሂሩት ቀስ ብላ ወጣች። ተከትያት ስሄድ እንሰቱ ሥር ጎንበስ ብላ ታስመልሳለች። ነጠላዋን ይዤላት ቆምኩ። ርቧት ስለቆየ ብዙ በልታ ነው ብዬ ሳቅኩባት፣ እሷም ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት እቤት አልጋው ጫፍ ላይ ሁለቱን ክኒኖች ጭኗ ላይ አድርጋ ስታያቸው አገኘኋት። ሰባት ቤት ተጠርተናል። ሰባት ቤት ሄዳ ካልበላች ሰባት ቤት ቂም አላት ሊባል ነው።

"አቢ" አለችኝ። "ዶክተሩ አንዱን በበዓል ቀን መተው ይቻላል፣ አንዱን ግን እንዳታቆሚ ብሎኝ ነበር። የትኛው እንደሆነ ጠፋብኝ። ያቺን ገጽ ስትቀድጂያት አንብበሻታል?"

አንድ ፊደል አላነበብኩም። ግን ትናንት ገና መታረቃችን ነው፣ የቀደድኩት ገጽ ክፉ ነገር የያዘ እንዲሆን አልፈለግኩም። ደግሞ ሁለቱንም ክኒኖች እጠላቸው ነበር። የጠዋቱ ሳቋን ወስዶብኛል፣ የማታው ተረቴን።

"አንብቤዋለሁ" አልኳት። "ሁለቱንም መተው ይቻላል ይላል።"

"በቀይ የተሰመረበትስ?"

"እሱም እንደዚያው ነው የሚለው።"

ትንሽ አሰበች። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ያልኩትን ያመነችው ሞኝ ስለነበረች አይደለም። ያን ቀን እንዲያ የሚላት ሰው ፈልጋ ነበር፣ እኔ አልኳት። አባዬ ሐኪሙ ሲጽፍ አጠገቡ ስለነበር ገጹ ምን እንደሚል ከብዙ ዓመት በኋላ ነግሮኛል። የጠዋቱ ክኒን በበዓልና በዕረፍት ቀን ሊታለፍ ይችላል። የማታው በፍጹም በድንገት አይቆምም። ቀዩ መስመር የነበረው በዚህ ሥር ነው። የጠዋቱን ብቻ ትታ ሰባቱንም ቤት በልታ ልትወጣ ትችል ነበር።

ሁለቱንም ዓይነት ክኒን እንዳለ ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ ፍራሹ ሥር ከተተች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት በልጅነቴ ካሳለፍኳቸው ሁሉ የተሻሉ ነበሩ፤ እንዲህ ማለት ቢያሳፍርም እውነቱ ይኸው ነው። ሂሩት በላች። ክትፎ በላች፣ ቆጮ በላች፣ የሰጧትን ሁሉ በላች። ዘመዶቻችን "ስትታረቅ እንዴት ሰውነቷ ተመለሰ" እያሉ በአድናቆት ራሴን ይዳብሱኛል። አባዬ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ስትበላ ሲያያት ፊቱ በራ፤ "መድኃኒቱ ተስማማት ማለት ነው" ብሎ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ። ትወስጃለሽ ወይ ሲላት አዎ አለችው። ሁለት ቀን ቆይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ማታ ደግሞ ተረቱ ተመለሰ። ጅቡ መንገዱን ቀጠለ። እንቅልፍ ስለማይወስዳት ታወራለች፣ እኔም ደስ ብሎኝ እሰማለሁ። አንድ ምሽት መሀል ላይ ቆም ብላ "ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት ብልጭ ይላል። ዓይኔን ሳዞር ብልጭ ይላል፣ እንደ ኮረንቲ" አለችኝ።

"ምን ዓይነት መብራት ነው?"

"ሰማያዊ።"

ቀናሁባት። እኔም እንዲበራልኝ ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ አመሸሁ። ኸይረዲን ሱቅ ሳሙና ልትገዛ ሄዳ በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ሱምያ ባየቻት ጊዜም፣ ልትሄድብን ስለሆነ ነው ብዬ ለሱምያ አስረዳኋት። ሁሉንም ነገር ማስረዳት እችል ነበር።

ጥቅምት ላይ መናኸሪያ ሸኘናት። እማዬ ዳቦና በሶ ቋጠረችላት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሂሩት በመስኮት ራሷን አውጥታ "ጅቡን እመለስና እጨርሰዋለሁ" አለችኝ። እቤት ስንመለስ ፍራሹ ሥር እጄን ሰደድኩ፣ ካልሲው እዚያው ነበር። ጥላው ሄደች ማለት ድናለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። መልሼ ደበቅሁት።

በአራተኛው ሳምንት አባዬ ስልክ ተደውሎለት ወደ ሰሜን፣ ትማርበት ወደነበረው ከተማ ሄደ። ይዟት ተመለሰ። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ልቧ ሊፈነዳ ደርሶ፣ የምትሞት መስሏት ወረቀቱን ትታ ወጥታለች። ሁለት ቀን እዚያ ከተማ መናኸሪያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነው የተገኘችው፤ የትኛው አውቶቡስ ወደ ቤት እንደሚወስዳት መምረጥ አቅቷት። እኔ ይህን ስሰማ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያስቀየማት ሰው አለ አልኩ። እሁድ አባባ ጥላዬ ቤት ሄጄ "እዚያ ሄደው ያስታርቁልን" ብዬ ለመንኳቸው። አልሳቁብኝም። አቀፉኝ።

ክኒኑ ተገኘ፣ ምስጢሩ ወጣ። ዘመድ ሁሉ መድኃኒቱ ነው ያበላሻት አለ። መውሰዷ ነው የጎዳት ተባለ እንጂ ማቆሟ ነው ያለ ሰው አልነበረም፤ የተገኘው ትርፍ ክኒን መሰላቸው፣ ማቆሟን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። እማዬ ካልሲውን እንዳለ ሽንት ቤት ጣለችው። ሂሩት ወደ ትምህርት አልተመለሰችም። አባዬን ተከትላ ሀደሮ ሄደች፣ ልብስ ስፌት ተማረች፣ እዚያው ቀረች።

እኔ ፋርማሲ ተማርኩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህር አንዳንድ የጭንቀት መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ የሚመጣውን ሲያስጽፉን፣ ማዞር አሉ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ለቅሶ፣ ፍርሃት። ከዚያ "ራስ ውስጥ እንደ ኮረንቲ ብልጭ የሚል ስሜት" አሉ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ጎኔ የነበረችው ልጅ አመመሽ ወይ አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሉ እንቅልፍ የተኛሁ አይመስለኝም።

አሁን ሆሳዕና መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሰው ትጨቀጭቂያለሽ ይሉኛል። ካርቶኑ ላይ በቀይ አሰምርበታለሁ፣ ምግብ ከዘጋ ከክኒኑ በፊት ቁርስ ጠግበው ይብሉ እላለሁ፣ ልብ ከመታ ይቁጠሩና ለሐኪሙ ይንገሩ እላለሁ፣ ይህኛው በድንገት አይቆምም እላለሁ። መልሰው እስኪነግሩኝ ድረስ አልሸኛቸውም። ሂሩትን ወደ ሐኪም ለመመለስ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ከሁለት ዓመት ወዲህ በትንሽ መጠን ጀምራለች፤ ማታ ማታ ትደውልልኝና ምን እንደበላች፣ ልቧ ስንት እንደመታ ትነግረኛለች። እኔም ያለችኝን ብቻ እጽፋለሁ።

ዘንድሮ ለመስቀል ሀደሮ እሷ ቤት ሄድኩ። ግድግዳው ላይ እጅጌ ያልተተከለላቸው፣ ዘርፍ የቀራቸው የሕፃን ቀሚሶች ተሰቅለዋል። በዓል ስለሆነ የጠዋቱን ክኒን አልፋዋለች፣ ሐኪሟ ፈቅዶላታል። የማታውን ትወስዳለች። ክትፎውን በአንድ ሳህን አቅርባ ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ሥር ሽበት ጀምሯታል።

መብላት አቃተኝ።

"ምነው?" አለችኝ።

"ያቺን ገጽ አላነበብኳትም ሂሩት" አልኳት። "ያን ቀን ስትጠይቂኝ ዋሸሁሽ። ሁለቱም ይቆማሉ ያልኩሽ ከራሴ ነው። አንድ ፊደል አላነበብኩም።" ልንበረከክ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"ተቀመጪ" አለች። እጄን አየችው። ከዚያ ፈገግ አለች። "አንቺ ደግሞ፣ ይሄን ይዘሽ ነው የኖርሽው? ገጹን እኮ በቃሌ አውቀው ነበር። ከላይ እስከ ታች። ቀዩንም ጭምር። የጠየቅኩሽ እንዲያው ላጫውትሽ ብዬ ነው። ያቆምኩት ራሴ ነኝ፣ ቡላውን መብላት ፈልጌ።"

"በቃልሽ?"

"በቃሌ። አሁን ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።" አጎረሰችኝ። ጎረስኩ። እንባዬ አብሮ ገባ። እሷም አንድ ጊዜ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። "ጨው አንሶታል፣ ላምጣ" ብላ ተነሣች።

ጓዳ ገብታ ዕቃ ስታገላብጥ ሰማሁ። አንድ ነገር ወደቀ። ለድመቷ የሆነ ነገር ስታወራ ሰማሁ። ቆይታ አንድ ባዶ ኩባያ ይዛ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። ኩባያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"አቢ፣ ምን ላመጣ ነበር የተነሣሁት?"

"ጨው" አልኳት።